ዘጠኝ ጊዜ «ደህና»

የሊፍት ጥገና ሠራተኛው እውነተኛ ስሙ ከደመወዝ መክፈያው ወረቀት ውጪ የትም አይነሳም ነበር። የሚያውቀው ሁሉ «አሜን» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት ከዓመታት በፊት ነው፤ አለቃው «ዛሬ ሥራው ሳያልቅ ምሳ ብሎ ነገር የለም» ብሎ ሲጮህ፣ እሱ ከሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ «አሜን» ብሎ መለሰ። ከምሩ ይሁን ለቀልድ የለየ የለም፤ ስሙ ግን ተጣበቀበት። እሱም አልጠላውም። ሰው በከንፈሩ ወይም በሆዱ ከሚጠራ በአሜን ቢጠራ ምን ይጎድለዋል?

አርባ አራት ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ እጁ ቢታጠብም ባይታጠብም ግሪስ ግሪስ የሚል ሰው ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ሲሠራ መዝሙር ይዘምራል፤ ድምፁ እንደ ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ አራተኛ ፎቅ ያሉት ጸሐፊዎች መዝሙሩ ሲቀርብና ሲርቅ ሰምተው ስንተኛ ፎቅ እንደደረሰ ያውቁ ነበር። አይሳደብም፣ ሰው አያማም፣ የወደቀ ዕቃ ካገኘ ባለቤቱን ፈልጎ ይመልሳል። በቤተ ክርስቲያኑ የረቡዕን ጸሎት የሚመራው እሱ ነው። ልጅ የታመመበት፣ ትዳሩ የተናጋበት ሁሉ «አሜንን ጥሩት» ይላል። «የሱ እምነት ብረት ነው» ሲሉ በሰማ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ያን በሰማ ቀን ልቡ ሞቅ ይለው ነበር።

ከሚጠብቃቸው ሊፍቶች በዕድሜ ትልቁ እነዚያ ጸሐፊዎች ያሉበት ባለ ዘጠኝ ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ያለው ነው። በእጅ ተስቦ የሚከፈት በር በየፎቁ አለው። ሰው የሚሳፈርበት ሳጥን ፎቁ ላይ ከሌለ በሩ እምቢ ማለት አለበት፤ እምቢ የሚያሰኘው ደግሞ ከውስጥ ያለች የመቆለፊያ ምላስ ናት፣ የአውራ ጣት ያህል ብረት። በየወሩ እነዚህን ዘጠኝ ምላሶች አንድ በአንድ በእጁ እየሞከረ በቅጹ ላይ «ደህና» ብሎ መጻፍና መፈረም የአሜን ሥራ ነው።

አንድ ረቡዕ ከታች ጀምሮ ሲፈትሽ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሰዓቱን አየ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ። ጸሎቱ የሚጀመረው አሥራ አንድ ላይ ነው፤ የሚመራው ደግሞ እሱ ነው። «የቀሩት ሦስቱ ባለፈው ወር ደህና ነበሩ፤ በአንድ ወር ውስጥ ምን ይሆናሉ?» አለ በልቡ። ቅጹን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ዘጠኝ ጊዜ «ደህና» ጻፈ፣ ፈረመ፣ ሄደ። የዚያን ቀን ጸሎቱ እንደ ወንዝ ፈሰሰለት። ያለቀሱም ነበሩ።

በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሕንፃው የጽዳት ሠራተኛ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ወደቁ።

ሴትዮዋን «ኮማንደር» ነው የሚሏቸው። ስልሳ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ አጭር፣ ቆፍጣና ናቸው። ወለሉ ሳይደርቅ የረገጠውን ሰው ዋና ሥራ አስኪያጅም ቢሆን «ወደ ኋላ ዙር» ብለው ስለሚመልሱት ነው ስሙ የወጣላቸው። ባለ ጎማ ባልዲያቸውን እየጎተቱ ሁልጊዜ በጀርባቸው ነው ሊፍት ውስጥ የሚገቡት። የዚያን ዕለትም የበሩን እጀታ ሳቡ፤ በሩ እምቢ ማለት ሲገባው እሺ አለ፤ እሳቸውም በጀርባቸው ገቡ። ሳጥኑ ሰባተኛ ፎቅ ነበር የቆመው። አንድ ፎቅ ወርደው ጣሪያው ላይ አረፉ። ሳጥኑ እዚያ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የሚወራው ሌላ ነበር። ዳሌያቸውና ሁለት ጎድናቸው ተሰበረ።

አሜን ወሬውን ሲሰማ በመጀመሪያ ያለው «ስንተኛ ፎቅ?» ነው። «ስምንተኛ» አሉት።

ከሰኞ ጀምሮ ምርመራ ተያዘ። መርማሪው የመቆለፊያውን ምላስ ተሰብሮ አገኘው፤ በእርጅና ይሁን በኃይል ግን አፉን ሞልቶ መናገር አልቻለም። የጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አሜንን ቢሮው አስጠርቶ በሩን ዘጋ።

«ሴትዮዋ በሩ ሲያስቸግራቸው በመወልወያው እንጨት ይጎረጉሩት ነበር አሉ» አለው። «አይተናል የሚሉ አሉ። አንተ ደግሞ ከመውደቃቸው አሥር ቀን በፊት ደህና ነው ብለህ ፈርመሃል። ያንተን ፊርማ የሚጠራጠር ሰው በዚህ ከተማ የለም። ደህና ነበር፣ አይደል?»

«ደህና ነበር» አለ አሜን።

ሁለት ቃል ናት። ከቢሮው ሲወጣ የራሱ ድምፅ የሌላ ሰው ድምፅ መስሎ ጆሮው ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ልቡ ጠበቃ ሆኖ ተሟገተለት። ምናልባት ያን ረቡዕ ብፈትሸውም ደህና ሆኖ አገኘው ነበር፤ ማን ያውቃል? ደግሞስ እኔ ብዋረድ የምዋረደው እኔ ብቻ ነኝ? «ጸሎተኛው ይኸውላችሁ» ተብሎ የእግዚአብሔር ስም አይሰደብም? በተለይ ይህችኛዋ ክርክር አማረችው። ዝምታውን ለእግዚአብሔር የሚከፍለው መሥዋዕት አስመሰለችለት። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን መዝሙሩ ጠፋ። አራተኛ ፎቅ ያሉት ጸሐፊዎች «አሜን ጉሮሮውን አሞታል እንዴ?» ተባባሉ።

ኮማንደርን በየቀኑ ሆስፒታል እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር። ብርቱካን ይዞ ይሄዳል፣ ትራሳቸውን ያስተካክላል፣ ለነርሷ ይላላካል። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰና «አያችሁ፣ ዘመዷ ያላደረገላትን» ተባለለት። ምስጋናው እንደ እሾህ ሲወጋው የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ሳለ ኮማንደር ጠየቁት።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን በር በእንጨት ጎርጉረሽዋል ይሉኛል። የኢንሹራንሱም ሰው መጥቶ እንደዚያ አለኝ። እኔ ትዝ አይለኝም። ሌላ በር ጎርጉሬ አውቃለሁ፣ የመጋዘኑን። ይሄን ግን… እኔ እንጃ። አንተ የብረቱን ጠባይ ታውቃለህ። ሳላውቀው አድርጌው ይሆን?»

ልጣጩ እጁ ላይ ቀረ። እውነቱ ከጥርሱ ጀርባ ነበር፤ አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው የቀረው። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሊሆን ይችላል፣ እትዬ» አለ።

ኮማንደር ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የኔው ነው» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው እንዳይንሸራተት ወለል ሳደርቅ ኖሬ፣ በገዛ እጄ… ይሁን፤ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። በል እንግዲህ ጸልይልኝ። ያንተን ጸሎት ይሰማል ይላሉ።»

አሜን ተነሣ። እጁን አልጋው ብረት ላይ አደረገ፣ አፉን ከፈተ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይጠራው የሚመጣለት ቃል ድርሽ አልል አለ። «ጌታ ሆይ» አለና ቆመ። «ጌታ ሆይ» አለ ደግሞ። ኮማንደር ያለቀሰላቸው መስሏቸው «አይዞህ፣ እኔ ደህና ነኝ» አሉት። ኮቱን እንኳ ሳያነሣ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ የደንብ ልብስ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በኖራ እያሰመረች ነበር። ለትምህርት ቤቶች ደንብ ልብስ ትሰፋለች። ፊቱን አየችና መቀሱን አስቀመጠች። ሁሉንም ነገራት፤ ሦስቱን ፎቆች፣ ዘጠኙን «ደህና»፣ ያቺን «ሊሆን ይችላል»ንም ሳያስቀር።

ኖራውን ከጣቷ አራገፈች።

«ምን ላድርግ?» አላት።

«እኔን አትጠይቀኝ» አለች። «እኔ ከተጠየቅሁ ዝም በል ነው የምልህ። ሥራህን እፈራለሁ፣ እስር ቤት እፈራለሁ፣ የሰው ዓይን እፈራለሁ። ስለዚህ አትጠይቀኝ።»

«የእግዚአብሔር ስም እንዳይሰደብ ብዬ እኮ ነው» አለ፣ የመጨረሻዋን ምርኩዝ እንደሚይዝ ሰው።

ባለቤቱ ቀና ብላ አየችው። «ተወው እንጂ። የእግዚአብሔርን ስም ደግፈህ የያዝከው አንተ ነህ እንዴ? አንተ የያዝከው ያንተን ስም ነው።» ካለች በኋላ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች፤ ዝም በል ነው የምልህ ብላ ነበርና።

በማግሥቱ ጠዋት ሆስፒታል ሄደ። አልተቀመጠም።

«እትዬ፣ ትናንት የነገርኩዎት ውሸት ነው» አለ። «በሩን እርስዎ አላበላሹትም። ከስድስተኛ ፎቅ በላይ ሳልፈትሽ ነው ደህና ብዬ የፈረምኩት። ትናንትም እያወቅሁ ነው ሊሆን ይችላል ያልኩዎት።»

ኮማንደር ጣሪያውን እያዩ አዳመጡት። «ለምን አልፈተሽከውም?»

«ሰዓት ደርሶብኝ ነው።»

«ወዴት ነበር የምትሄደው?»

ከሁሉ ይህችን መመለስ ከበደው። «ወደ ጸሎት።»

ኮማንደር ሳቁ። ሳቁ የተሰበረ ጎድናቸውን ሲወጋቸው ፊታቸው ተኮማተረ፣ ሆኖም ሳቁ። «ወደ ጸሎት» አሉ። ቀጥሎ ሳቁ ደረቀ። «የመውደቄንስ ተወው። ትናንት ሙሉ ቀን ራሴን ስረግም እንድውል አደረግኸኝ። ውጣ። ብርቱካንህንም ይዘህ ውጣ።»

ብርቱካኑን ይዞ ወጣ። ከዚያ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዶ በእጁ የጻፈውን ሁለት ገጽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሥራ አስኪያጁ ሁለቴ አነበበው።

«ይሄን ቀደህ ጣለው» አለው። «አንተ ነፍስህን ልታድን የአርባ ሠራተኛ ጉሮሮ ትዘጋለህ? ይሄ ነው ክርስትና?»

አሜን በእውነት አሰበበት፤ ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። አርባዎቹን በመልካቸው ያውቃቸዋል። «አላውቅም» አለ። «እኔ የማውቀው ሴትዮዋ አለማጥፋታቸውን ነው። ሌላ ቅጂ ለመርማሪው ሰጥቻለሁ።»

ከሥራ ተባረረ፤ የሙያ ፈቃዱም ለሁለት ዓመት ታገደ። ድርጅቱ ተቀጣ እንጂ አልተዘጋም። ኮማንደር ጥፋት እንደሌለባቸው በጽሑፍ ተረጋግጦ የሕክምናቸውም የጡረታቸውም መብት ተጠበቀላቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሱ ጠርተው በእርጋታ አነጋገሩትና ጸሎቱን ለጊዜው ሌላ ሰው እንዲመራ ተደረገ። አንዳንዱ እጁን አጥብቆ ጨበጠው፤ አንዳንዱ ሰላምታውን አሳጠረበት።

አሜን ግን ከሁሉ በላይ ያልጠበቀው ሌላ ነገር ነበር። እውነቱን ከተናገርኩ ሰላም ይመጣልኛል ብሎ ነበር የሚያስበው። ሲያስተምር የኖረውም እንደዚያ ነው። አልመጣም። አንድ ብረት በያጅ ቤት ተቀጥሮ በር እየሞረደ ዋለ፣ ወራት አለፉ፣ ልቡ እንደ ደረቀ ጉድጓድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌሎች ሲዘምሩ ይሰማል። ጸሎቱ «ጌታ ሆይ» ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አያገኘውም። አንድ ጊዜ ባለቤቱ «ለምን ትሄዳለህ ታዲያ፣ ምንም ካልተሰማህ?» ብትለው «ሲሰማውማ ማንም ይሄዳል» አላት። ሳይሰማው ሄደ፣ ሳይሰማው ተመለሰ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ሄደ።

በአምስተኛው ወር የኮማንደር ልጅ በያጅ ቤቱ ድረስ መጣች። ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ እንደ እናቷ ቆፍጠን ያለች ሴት ናት። «እማዬ ልካኝ ነው» አለችው፣ ዓይኑን ሳታይ። «የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው የሚጨበጥ ነገር የለውም። ብረት መሥራት ታውቃለህ ብላ ነው።»

የደረጃውን መደገፊያ ሠራ። አራት ቅዳሜ ፈጀበት። ሲጨርስ ኮማንደር በከዘራቸው ተደግፈው ወጡና፣ እያንዳንዱን ብየዳ በከዘራው ጫፍ እያንኳኩ «ይሄን አይተኸዋል?» እያሉ ከላይ እስከ ታች ወረዱ። ሃያ ስምንት ቦታ ነበር። ሃያ ስምንት ጊዜ በእጁ ነቅንቆ እያሳየ «አይቼዋለሁ» አላቸው። ታች ሲደርሱ ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሰው ድጋፍ መንገዱ ዳር ቆሙ። ላብ በላብ ሆነዋል።

«ይቅር ብዬሃለሁ ለማለት አይደለም የጠራሁህ» አሉት። «ብዬ አውቃለሁ፤ ሲመሽ ዳሌዬ ሲጠዘጥዘኝ መልሼ እወስደዋለሁ። እንዲህ ነው ነገሩ። አልዋሽህም።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«አንተስ? ትጸልያለህ አሁንም?»

«እሞክራለሁ።»

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አሉ ኮማንደር። «በል ና፣ ሻይ ጠጥተህ ሂድ።»

ፈቃዱ ከተመለሰለትና ሌላ ድርጅት ከገባም በኋላ አልፎ አልፎ ይጠይቃቸዋል። አንዳንድ ቀን በሩን ከፍተው ስለ ልጃቸው ተማሪዎች ጉድ እያወሩለት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ያጠጡታል። ሕመሙ የበረታባቸው ቀን ደግሞ በሩን ሳይከፍቱ ከውስጥ «ዛሬ አልችልህም፣ ሌላ ቀን ና» ይሉታል። እሱም «እሺ፣ እትዬ» ይልና፣ መደገፊያውን ይዞ ቀስ ብሎ ደረጃውን ይወርዳል።