አትኖርም ያለው ማነው?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ለመመንጠር ጊዜ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ባሌን ትቼ ከመርሐቤቴ መጥቼ ሞላሌ፣ አባቴ ቤት ከገባሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። ለምርጫ ልመዘገብ ስሄድ መታወቂያዬ ግን ገና የዚያው የመርሐቤቴ ነው። መዝጋቢው "እናጣራለን" ብሎ ሸኘኝ። ስመለስ ተቀባይነት አላገኘሽም አለኝ።

"ለምን?"

"እዚህ ነዋሪ አይደለችም ያለ ሰው አለ።"

"ማነው?"

"እሱን መናገር አልችልም።"

እሱ ባይናገር እኔ አውቄዋለሁ። ጎረቤታችን ነው። ከአባቴ ጋር በድንበር ተካሰዋል፤ ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚጣላ ሰው ነው፤ በዚያ ላይ በገበያ ቀን ከመዝጋቢው ጋር ቆሞ ሲያወራ አይቼዋለሁ። ሰላምታዬን ነሳሁት። ሚስቱ እርሾ ልትለምን ስትመጣም፣ ሞልቶ ከፊቴ ተቀምጦ "የለም" አልኳት። ቤት ውስጥ ስዝትበት አባቴ "ተይው ልጄ፣ ለአንድ ካርድ" ይሉኛል። ይሄ ይብስ ያናድደኛል። ሰፈሩ እንደ እንግዳ የሚያየኝ አንሶ፣ አሁን በወረቀትም የትም የማልኖር ሴት ልሆን ነው።

አቤቱታ ሰሚዎቹ ዘንድ ስቀርብ አባቴን ለምስክርነት ይዤ ሄድኩ። እግራቸው ከብዷቸው ከኋላዬ ነበር የሚጎተቱት።

"በግ ሲጠፋ እንኳ" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "አገሩ አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። የእኔን መብት የበላው በምን ሕግ ይደበቃል? ስሙ ይነገረኝ!"

አጠገባቸው የተቀመጠው መዝጋቢ እኔን ትቶ አባቴን አያቸው።

"አባት፣ እርስዎ ይንገሯት።"

አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "መዝጋቢው ለማጣራት መጥቶ ልጅዎ የት ነው የምትኖረው ሲለኝ፣ ለጊዜው ነው፣ ታርቃ ወደ ባሏ ትመለሳለች አልኩት። ታዲያ ምን ልበል? ኑሮዋ እዚህ ነው ብዬ ላስጽፍባት?"

ለጎረቤታችን ሚስት የከለከልኳት እርሾ ትዝ አለኝ። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር እሳቸውን አልጠረጠርኩም።

ሰብሳቢዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻቸው፦ "አሁንስ አባት፣ ልጅዎ የት ነው የምትኖረው?"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይኔን አልሰበርኩም። ወደ ባሌ እንደማልመለስ ገና ያን ቀን የገባቸው መሰለኝ።

"እኔ ቤት" አሉ።

ካርዴን ተቀብዬ ወጣን። መንገዱን ሁሉ እኔ እንደተቀየምኩ፣ እሳቸው እንዳዘኑ ሄድን። የቤታችን አጥር ሲታይ ግን ቆም አሉ።

"እንግዲያው ነገ ሰው እንላክ" አሉኝ፤ "እቃሽን ከዚያ ሰውዬ ቤት ያምጡልሽ።"