መስመሩን የያዘው ሞደም

ሥራ የጀመርኩት ሀዋሳ፣ ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ታምሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጽሕፈት መኪና ሲጠግኑ ኖረው፣ ያ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደ ኮምፒዩተር የዞሩ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን የሰጡኝ ዕቃ ብሩሽ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ኮምፒዩተሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረው ነበር፤ ክዳናቸውን እየፈታሁ አቧራ ስጠርግ ዋልኩ። የሀዋሳ አቧራ ደቃቅ ነው፤ ማቀዝቀዣው ፋን ውስጥ ገብቶ ያቆመዋል። ማታ እያስነጠስኩ ቤት ስገባ እናቴ አየችኝና በሲዳምኛ፣ የተማርከው ለዚህ ነው ወይ አለችኝ።

ከብሩሽ ወደ ካቻቪቴ፣ ከካቻቪቴ ወደ ሶፍትዌር መጫን ቀስ እያልኩ ወጣሁ። ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ሰው ረዳት ነው የሚባለው። ደንበኛ ቤት የሚላክ ግን ቴክኒሻን ይባላል። ጋሽ ታምሩ አንድ ጠዋት ቦርሳቸውን አንስተው ለእኔ ሲሰጡኝ ቴክኒሻን መሆኔን አወቅሁ። ሌላ የሹመት ቃል አልተናገሩም።

ያኔ ኢንተርኔት ወደ ቤት የሚገባው በስልክ ሽቦ ነበር። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ሞደም እንደ ሰው ቁጥር ይደውላል፤ ሲገናኝ ያፏጫል፣ ይንጫጫል፣ ከዚያ ዝም ይላል። እስኪቋረጥ ድረስ ስልኩ ተይዟል። ከውጭ የሚደውል ሰው የሚሰማው የተያዘ መስመር ድምፅ ብቻ ነው። ሞባይል በእጁ ያለው ሰው ጥቂት ነበር።

ከሚመጡልን ቅሬታዎች አንዱ ታዲያ «ኮምፒዩተሬ ሲበራ በራሱ ይደውላል» የሚል ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ አንድ ፕሮግራም ይኖራል፤ እሱ ኢንተርኔት ሲፈልግ፣ ኮምፒዩተሩም «ሁልጊዜ ደውል» ተብሎ ከታዘዘ፣ ሞደሙ ማንንም ሳይጠይቅ መስመሩን ይይዛል። መፍትሔው ፕሮግራሙን ከመነሻው ዝርዝር ማውጣት፣ ትእዛዙን «አትደውል» ወደሚለው መቀየር ነው። አንድ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊዋ ስልክ ስታወራ ትውላለች ተብላ ልትባረር ስትል ደርሼ፣ ወሬኛው ሞደሙ መሆኑን አሳይቻለሁ። ሳቁና ተለያየን።

ወይዘሮ ዘነበች ወደ ሱቃችን የመጡት ጥቁር ለብሰው ነው። ባለቤታቸው አቶ ግርማ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሄደው በዚያው ቀርተው፣ አርባቸው ገና መውጣቱ ነበር። ወንበር ሰጠናቸው፤ አልተቀመጡም። ቆመው ለጋሽ ታምሩና ለእኔ የሆነውን ነገሩን።

አቶ ግርማ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ እሑድ እሑድ ከሰዓት ይደውሉላቸው ነበር። በመጨረሻው እሑድ ሕመሙ ጠናባቸው፤ ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገናው ለነገ አይባልም አሉ። እሳቸው ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ከመግባታቸው በፊት ሚስታቸውን ማነጋገር ፈለጉ። ያስታምማቸው የነበረው ታናሽ ወንድማቸው ከሆስፒታሉ ስልክ ደጋግሞ ደወለ፤ መስመሩ ተይዟል። ቆይቶ ደወለ፤ ተይዟል። አቶ ግርማ ሳያነጋግሯቸው ገቡ፤ ከዚያም አልተመለሱም። መርዶውን ለወይዘሮ ዘነበች ያመጡት በማግስቱ ከባላቸው መሥሪያ ቤት የተላኩ ሰዎች ናቸው።

የባላቸው ወገን ይህን ከሰማ በኋላ ለቅሶው ሌላ መልክ ያዘ። ባሏ ሊሞት ሲጠራት እሷ ስልክ ላይ ወሬዋን ትሰልቅ ነበር ተባለ። ሌሎቹ ደግሞ እንዳትረበሽ ብላ እጀታውን አንስታ አስቀምጣው ነው አሉ። ይህን ከሁሉ አብልጠው የተናገሩት የአቶ ግርማ ታላቅ እህት እትዬ እታፈራሁ ነበሩ።

ወይዘሮ ዘነበች፣ «ቀኑን ሙሉ ስልኩ አጠገብ ነው የተቀመጥኩት» አሉን። «መስመሩ እንዳይያዝበት ብዬ አንዴም አላነሳሁትም።»

የስልክ ሠራተኞች መጥተው ሽቦውን መርምረው ነበር። ሽቦው ደህና ነው፤ ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር ካለ ግን አስመርምሩት ብለዋቸዋል። ጋሽ ታምሩ ወደ እኔ ዞር አሉ። ቦርሳውን ያዝኩ።

ቤታቸው ባህል አዳራሽ አካባቢ ነው። ከወይዘሮ ዘነበች ጋር በባጃጅ ሄድን። ስልኩ ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ጓዳ በኩል፣ የአቶ ግርማ ማንበቢያ በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ራሳቸው ከፈቱልኝ።

ኮምፒዩተሩ የድሮ ዓይነት ነው። ማብሪያው ሲጫኑት ገብቶ የሚቀር ስለሆነ፣ መብራት ቢሄድ እንኳ እንደተጫነ ይቆያል፤ መብራት ሲመጣ ማሽኑ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ያን እሑድ መብራት ሄዶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጠዋት ሕንድ አገር የሚማረው ልጃቸው በኢሜይል ደብዳቤ ጽፎ እንደሆነ ለማየት ኮምፒዩተሩን እንዳበሩት፣ ገና ተነስቶ ሳያልቅ መብራት እንደሄደ፣ በሩን ዘግተው ወደ ሳሎን እንደተመለሱ አስታወሱ። መብራቱ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው።

ሳሎን ገብተው ስልኩ አጠገብ እንዲቆሙ፣ ስጠራቸው እንዲያነሱት ነገርኳቸው። ማሽኑን አበራሁት። ተነሣ። ስክሪኑ መጣ፣ ፕሮግራሞቹ ተከፈቱ። ክፍሉ ውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የሞደሙ ምልክት ግን ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

«አሁን ያንሱት» አልኩ።

ወጥቼ ሳይ እጀታውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። የሞደሙ ፉጨት እኔ እስካለሁበት በር ድረስ ከእጀታው ውስጥ ይሰማል። ዝም እስኪል ሰሙት። ከዚያ እጀታውን በቦታው ሳይመልሱ ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

ወደ ማሽኑ ተመልሼ አንድ በአንድ አየሁ። የኢሜይል ፕሮግራሙ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ ተደርጓል። የይለፍ ቃሉ ተቀምጧል፤ ሳይጠይቅ እንዲገናኝ ምልክት ተደርጎበታል። ፕሮግራሙ አዲስ ደብዳቤ መኖሩን በየጊዜው ስለሚጠይቅ መስመሩ ሥራ ፈትቶ አይቋረጥም። የሞደሙ ድምፅ ደግሞ እስከ መጨረሻው ተዘግቷል። ይህ ሁሉ በስሕተት የሚመጣ አይደለም። አንድ ሰው ተቀምጦ፣ አስቦ ያደረገው ነው።

ወይዘሮ ዘነበች በሩ ላይ ቆመው ነበር። ማን እንዲህ እንዳደረገው ጠየቁኝ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት አልኳቸው።

«የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር» አሉ።

ቀስ ብለው ነገሩኝ። አቶ ግርማ ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ሲሉ ከዚህ ማሽን ጋር ብዙ ተቀምጠው ነበር። ሚስታቸው ኮምፒዩተር ብዙም አያውቁም፤ የሞደሙን ጩኸትም አይወዱትም፤ ራሴን ያመኛል ይሉ ነበር። ባላቸው ሲጨርሱ፣ «አንቺ ማብራት ብቻ ነው፤ የልጃችን ደብዳቤ በራሱ ይመጣልሻል፤ ጩኸቱንም አጥፍቼልሻለሁ» አሏቸው። እሳቸውም አመስግነው ሻንጣውን አዘጋጁ።

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ለቤተሰቡ እኔው ራሴ አስረዳለሁ አልኳቸው።

«አይሆንም» አሉ። «ምን ብለህ ነው የምታስረዳው? በገዛ እጁ ነው ልትላቸው ነው? እሱ አፈር ውስጥ ነው፤ መልስ አይሰጥም። እኔ አለሁ፤ ያሉኝን ይበሉኝ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ማወቅ ነበር የፈለግሁት። አወቅሁ።»

ፕሮግራሙን ከመነሻው አወጣሁት፤ ትእዛዙን ቀየርኩት፤ ድምፁንም ከፈትኩት። ስጨርስ የስልኩን ሽቦ ከማሽኑ ነቅዬ እንዳወጣው ለመኑኝ። ነቀልኩት። ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ስወጣ እትዬ እታፈራሁ ግቢው ውስጥ አገኙኝ። ለሐዘኑ ይመጣሉ እንጂ በዚያ ቤት ውሃ አይቀምሱም ነበር። ቦርሳዬን አይተው ምን እንዳገኘሁ ጠየቁኝ። ኮምፒዩተሩ ሲበራ በራሱ ይደውል እንደነበር፣ ያን እሑድም መስመሩን የያዘው እሱ እንደሆነ ነገርኳቸው። እስከዚህ ድረስ መናገር የምችል መሰለኝ።

«በራሱ?» አሉኝ። «ማን አዞት?»

አላውቅም አልኩ።

«አየህ፣ የኔ ልጅ፣ ሰው ካላዘዘው ዕቃ ስልክ አይደውልም። ተከፍሎህ ነው፤ አልፈርድብህም።»

ያሉት እውነት ነበር፤ ሰው ነው ያዘዘው። ወይዘሮ ዘነበች መስኮቱ ጋ ቆመው ይሰሙናል። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ አትናገር እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። እጅ ነስቼ ወጣሁ።

ሱቅ ስመለስ ለጋሽ ታምሩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ብየዳቸውን አቁመው ሰሙኝ፤ ሲያበቃ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ወይዘሮ ዘነበችን ከዚያ በኋላ ፒያሳ ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ሲገቡ ሲወጡ አያቸው ነበር። የልጃቸውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው የኢንተርኔት ቤቱ ሠራተኛ ነው። እትዬ እታፈራሁ ቤታቸው መምጣቱን ተዉት። በተዝካሩ ቀን ሁለቱ ሴቶች በድንኳኑ ሁለት ጫፍ ተቀምጠው ነበር፤ ሰላምታም አልተለዋወጡም። ልጁ ከሕንድ ሲመለስ ያረፈው አክስቱ ቤት ነው። እናቱ ይህንም ዝም ብለው ቻሉት።

እትዬ እታፈራሁ ካለፉ ቆዩ፤ ወይዘሮ ዘነበችም አምና ተከተሏቸው። ቀብራቸው ላይ ሰው አልበዛም። ልጁን እዚያው ጎን ወስጄ የሆነውን ነገርኩት። እናቱ አትናገር ያሉት ባላቸው እንዳይወቀሱ ሲሉ ነበር፤ ወቃሾቹም አልፈዋል፤ ከእንግዲህ የሚጎዳ ሰው የለም ብዬ አሰብኩ። ተሳስቼ ነበር። ልጁ እስክጨርስ አልጠበቀም፤ አጥሩን ይዞ ቁጭ አለ።

ዛሬ ሞደም የለም፤ በራሳቸው የሚሠሩ ዕቃዎች ግን በዝተዋል። ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው፦ ማሽን በራሱ እንዲሠራ አድርጋችሁ ስታስረክቡ፣ ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚቆም ለሚቀበላችሁ ሰው ንገሩት። ድምፁንም አትዝጉበት።