ደረጃው በግራ በኩል ነበር

ቤታችን የፈረሰ ዓመት እኔም አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ተወልጄ ያደግሁበት የፒያሳው ሰፈር ዶሮ ማነቂያ ሲነሳ ለአባቴና ለእናቴ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ንጹሕ፣ ነፋሻ። እኔ ግን አብሬያቸው አልሄድኩም። ከቸርችል ጎዳና ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁና በዚያው ሰሞን የሥዕል አስተማሪነት ሥራዬን ተውኩ። እናቴ ለምን ብላ ጠየቀችኝ። ልጆቹን እወዳቸው ነበር። ግን ሰሌዳው ፊት ስቆም እግሬን ይበላኛል፤ ደወሉ እስኪደወል ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሳይ እውላለሁ።

ይዤ የወጣሁት የሥዕል ደብተሬንና አንድ አኮርዲዮን ነው። አኮርዲዮኑ የአባቴ ነበር። አባቴ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ በወጣትነቱ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ሲጫወተው ኖሮ፣ ቁርጥማት ጣቶቹን ሲይዘው ለእኔ ሰጠኝ። የሰጠኝ ግን ለመዝሙር ነው። እኔ ደግሞ ከአንዲት ዘፋኝ ጓደኛዬ ጋር በየካፌውና በየሆቴሉ የድሮ ዘፈን ጀመርኩበት። ጓደኛዬ ከእኛ ቤት ሦስት በር ዝቅ ብሎ ያደገች ናት፤ ቤታቸው ትግርኛም አማርኛም ይነገር ስለነበር በሁለቱም ትዘፍናለች። አባቴ ወሬውን ሰምቷል። ሰምቶ ምንም አላለም። የአባቴ ዝምታ ደግሞ ከቁጣ ይከብዳል።

ጠዋት ጠዋት ወደ ቀድሞው ሰፈራችን እወጣና ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስላለሁ። ከፊሉ ታጥሯል፤ ከፊሉ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኖ አዲስ መብራትና ገና ሥር ያልያዘ አበባ ተተክሎለታል። እውነቱን ለመናገር ያምራል። እኔ ግን የምስለው የሌሉትን ቤቶች ነበር፤ የእንጨት ሰገነታቸውን፣ የዛገ ቆርቆሯቸውን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈውን መግቢያ። አንድ ቀን አንድ ጥበቃ መጥቶ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። ደብተሩን ሰጠሁት። ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየ፤ ቀና ብሎ አጥሩን አየ፤ ከዚያ እዚህ ጋ እንዲህ ያለ ቤት የለም ብሎ ደብተሬን መለሰልኝ።

በጋውን በጉዞ ገፋነው። መጀመሪያ ሐዋሳ ሄድን፤ ሐይቁ ዳር ባለ ምግብ ቤት ዓሣ ለሚበሉ ሰዎች ሁለት እሑድ ተጫወትን። ቀን ቀን ጀልባዎቹን እስላለሁ ብዬ እቀመጥና ገጹ ላይ የሚወጣው የፒያሳ ቁልቁለት ይሆናል። ፒያሳ ስመለስ ደግሞ ክፍሌ ትጠበኛለች፤ ሦስት ቀን ሳልቆይ ጓደኛዬ ጋ ደውዬ ቀጥሎ ወዴት ነን እላለሁ። እሷ የሰፈራችን አንደበት አላት። አንድ ቀን ማኪያቶዋን እያማሰለች፣ "አንቺ እኮ ያለሽበት አድራሻ የለሽም፤ የነበርሽበት ብቻ ነው ያለሽ" አለችኝ። ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን ሳቄ ለቀቀኝ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ትንሽ የሥዕል ማሳያ አምስት ሥዕሎቼን ተቀበለ። አምስቱም የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ነበሩ። መክፈቻው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተባለ። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት፤ ለአባቴ ንገሪው አላልኳትም፤ አትንገሪውም አላልኳትም።

በመክፈቻው ሳምንት ድሬዳዋ ሥራ ተገኘ። ረቡዕ ተጫውተን ሐሙስ መመለስ እንችል ነበር። ሐረርን ሳላይ አልመለስም ያልኩት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ የመክፈቻውን ቀን ብታስታውሰኝም ዓርብ እንመለሳለን ብዬ አግባባኋት። ሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ በኖራ የተለቀለቁትን ጠባብ መንገዶች ስስል ዓርብ አለፈ። ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡስ ስንሳፈር እንደማልደርስ አውቄው ነበር። ዛሬ ሳስበው ፈርቼ ነበር። ሥዕሎቼ አጠገብ ቆሜ ሰው ሲያያቸው ማየት አንድ ቦታ ታስሮ ከመቀመጥ ሁሉ የባሰ መስሎኝ ነበር።

አዋሽን ስናልፍ ስልኬ ጠራ። የማሳያው ኃላፊ ናት። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጠችኝ።

"አባትሽ እዚህ ናቸው" አለችኝ።

ግራጫ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ በሩ ሳይከፈት እንደደረሰ ነገረችኝ። ከዚያ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ሥዕሎቼ አጠገብ ቆመና ለገባው ሁሉ ማስረዳት ጀመረ። ይኼ የልብስ ሰፊው ቤት ነው፤ እዚህ በር ላይ ዳቦ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ይኼ መስኮት የእኛ ነው። ኃላፊዋ መጀመሪያ ዝም ላሰኛቸው ብላ አስባ ነበር፤ በኋላ ሰው እየከበበው ሲመጣ ወንበር አቀረበችለት። አልተቀመጠም። አራተኛው ሥዕል ጋ ሲደርስ ግን ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ "ልጄ እዚህ ላይ ተሳስታለች፤ ደረጃው በግራ በኩል ነበር" አለ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ፊቴን ወደ አውቶቡሱ መስኮት አዙሬ እሾሃማውን ሜዳ ሳይ ቆየሁ። አዳማ እስክንደርስ ንዴቱ ወደ እፍረት ተለወጠ፤ ምክንያቱም ደረጃው በእርግጥም በግራ ነበር።

በማግሥቱ አባቴና እናቴ ከአምልኮ ሲመለሱ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ምሳ ቀርቦ ተነሳ። እናቴ ወደ ጓዳ ስትገባ አባቴ መነጽሩን አወለቀ።

"ሥራ ይዞሽ ነው የቀረሽው?"

"አይ አባዬ። ሥራው ረቡዕ አልቋል።"

"ሰዎቹ ሲጠይቁኝ ሥራ ላይ ናት አልኳቸው" አለ። "ዋሸሁልሽ።"

አባቴ ሲዋሽ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን የተናገረኝ ከዓመት ዝምታው የበለጠ ወጋኝ። ይቅርታ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ተነስቶ ማስመሪያና አንድ ትልቅ ወረቀት ይዞ መጣ። የሰፈሩን ካርታ እንሥራ አለ፤ ቤት በቤት፣ በር በበር፣ እሱ የሚያውቀውን እሱ፣ እኔ የማውቀውን እኔ። ጣቶቹ እርሳስ አጥብቀው መያዝ ስለማይችሉ እሱ ይናገራል፣ እኔ አሰምራለሁ።

ክረምቱን ሁሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ሁለት ታክሲ እየቀያየርኩ ሄድኩ። ብዙ ተጨቃጨቅን። የሰፈሩ ቧንቧ የት እንደነበር ብቻ ሁለት ማክሰኞ ፈጀብን። እሱ ርቀቱን በእርምጃ ያስታውሳል፤ እኔ በቀለም። በካርታው ላይ የቡና ቤቶቹ ሰፈር ውቤ በረሃ ጫፍ ስንደርስ እርሳሴን በእጁ አስቆመና ያልጠበቅሁትን አጫወተኝ። ወጣት ሳለ ከመዝሙር ልምምድ ሲመለስ ከአንድ ቡና ቤት ውጭ ቆሞ የባንዱን አኮርዲዮን ይሰማ ነበር። በግራ እጅ ባሱን፣ ማለት ወፍራሙን ድምፅ፣ አፈራርቆ መምታት የተማረው እዚያ ግድግዳ ተደግፎ ነው።

"ገብቼ ግን አላውቅም" አለኝ።

እኔ ደግሞ የት የት እንደምጫወት አንድ በአንድ ነገርኩት። አልወደደውም፤ አለመውደዱንም አልደበቀኝም። ብቻ ጓደኛዬ መዝሙር ትችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ስትፈልግ ትችላለች አልኩት።

እግሬ ግን አልሰከነም። ነሐሴ ላይ ጂማ ሥራ መጣና ወዲያው እሺ አልኩ። አባቴ መቼ እንደምመለስ ጠየቀኝ። ማክሰኞ አልኩት። ዝናብ መንገዱን አበላሽቶት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ፤ በዚህኛው እንኳ እውነተኛ ምክንያት ነበረኝ። ስገባ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ማክሰኞ ሲጠብቀኝ ውሎ ብቻውን ቀጥሎበታል፤ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ፣ በሚንቀጠቀጥ መስመር።

እርሳሴን ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት እጁን በወረቀቱ ላይ ጫነ። ጂማ ምን ይመስላል አለኝ፤ አይቶት አያውቅም። ተቀመጥኩና ነገርኩት፤ ስለ አረንጓዴው፣ ስለ ጭቃው፣ ከገበያው በላይ ስላለው መንገድ፣ ዘፈን ስናቆም ሌላ አንድ ጨምሩ ስላሉን ሽማግሌ። እናቴ ሻይ አምጥታ እሷም ተቀመጠች። ያን ቀን አንድም መስመር አላሰመርንም።