ቁልቁለቱን ወርደሽ ግፊው

ልጄ ከቤቴ የወጣችው ተድራ አይደለም፤ በብስክሌት ሰበብ ነው። እንዲህ ስል የሚስቅ አለ፤ ይሳቅ። እኔ ግን ነገሩን ዛሬም አልረሳሁትም። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል ልጽፈው ተነሣሁ።

ጊዜው በዚያኛው መንግሥት ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን የሚባሉት ሴት ልጆች በየቀበሌው በተመደቡበት ሰሞን። የእኔም ልጅ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ አንድ ዓመት ሠልጥና፣ ከእኛ መንደር ማዶ፣ በሞላሌ በኩል ያለ ጤና ኬላ ደረሳት። በእግር ለመሄድ ሁለት ሰዓት፣ ለመመለስ ሁለት ሰዓት። ቀን ደግሞ ቤት ለቤት መዞር አለ። አባቷ ሞቷል፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም።

አንድ ማታ እግሯን ለብ ባለ ውኃ እየነከረች፣ "እማዬ፣ አልቻልኩም። ወይ ብስክሌት ይገኝልኝና ቤቴ ልደር፣ ወይ እዚያው ቤት ልከራይ" አለችኝ።

ቤት መከራየት ስትል ደነገጥኩ። ያላገባች ልጅ ብቻዋን በሰው ቤት ልትከርም! አስቤ ሳልጨርስ "ብስክሌቱ ይሁን" አልኳት።

ታናሽ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ውስጥ ብስክሌት ይጠግናል። ቅዳሜ አብረን ሄድን። ያገለገሉ ሁለት ብስክሌቶች አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ ጠበቀንና በረንዳው ላይ አቆመልን። አንደኛው ኮርሳ የሚሉት ነው፤ ጎማው እንደ ጣቴ ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘ። የሌላው መሪ ቀጥ ያለ ነው፤ ጎማውም ወፈር ይላል፤ የተቀመጠበት ሰው ወገቡን ቀና አድርጎ ይሄድበታል።

ልጄ ኮርሳውን ባንድ እጇ ብድግ አደረገችው። "እማዬ፣ እይው! እንደ ግልገል እኮ ነው። ወንዙ ጋ ስደርስ ተሸክሜው እሻገራለሁ።"

"አንቺ ከተሸከምሽው ምኑን ተቀመጥሽበት?" አላት ወንድሜ።

"አጎቴ ደግሞ! ወንዙ ጋ ብቻ ነው።"

"ስሚኝ። ይኼ አስፋልት ላይ ይበራል። የእናንተ መንገድ ኮረኮንች ነው። ጎማው በሳምንቱ ይፈነዳብሻል። አንቺም ለማጅ ነሽ፤ አንገትሽን ደፍተሽ ስትሄጂ ድንጋዩን የምታይው ከወደቅሽ በኋላ ነው።"

እኔም በራሴ ዕውቀት ገባሁበት። ከብት ስገዛ እንደማደርገው ዞር ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ጎማውን ጫን ጫን አደረግሁ፤ ኮርቻውን ነቀነቅሁ። ልጄን በሐሳቤ ኮርሳው ላይ አስቀመጥኳት፤ ጀርባዋ ወደ ላይ፣ ፊቷ ወደ መሬት፣ ቀሚሷን ነፋስ ሲገልበው። "ይኼማ የሚሄዱበት አይደለም፣ የሚሰግዱበት ነው" አልኩ። ወንድሜ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

"ያኛውስ ዘሩ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ድቅል ነው፣ እታለም። የኮርሳውና የዚያ የገደል መውጫው፣ የባለ ወፍራም ጎማው ድቅል። ከሁለቱም የወሰደ።"

"እንደ በቅሎ?"

"እንደ በቅሎ በይው።"

ምነው ባላለው። የልጄን አባት የገደለችው በቅሎ ናት። ከቀየት ገበያ ሲመለስ ቁልቁለት ላይ ደነበረችበት፤ ልጓሙን ቢስብ ቢስብ አልቆም አለች። ልጄ ያን ጊዜ ገና ዳዴ ትል ነበር። ቢሆንም ድቅሉን መረጥኩ፤ መርጬም አላመንኩትም። እዚያው በረንዳው ላይ፣ መንገደኛ እየሰማ፣ ደረቴን ይዤ፦

"በጠባሽው ጡቴ ይዤሻለሁ!" አልኳት። "ቀጭኑን አትነኪም። ይኼንንም ቢሆን ቁልቁለት ስትደርሺ ወርደሽ ትገፊዋለሽ እንጂ አትነጂውም።"

በእኛ አገር እናት በጡቷ ከያዘች ያዘች ነው። ያንን የጣሰ ልጅ በደኅና ውሎ አይገባም ይባላል። የምትፈታውም ራሷ እናትዬዋ ናት፤ "ፈትቼሻለሁ" እስክትል ድረስ ልጅ እንደታሰረ ነው።

ወንድሜ ሳቁን ተወው። "እታለም፣ መንዝ ውስጥ ቁልቁለት ካልተነዳ ምኑ ሊነዳ ነው? ፍሬን እኮ አለው። ነይ ላሳይሽ።"

"በቅሎዋም ልጓም ነበራት" አልኩት። ሄጄም አላየሁ።

ብስክሌቱን አውቶብስ ጣራ ላይ አስረን ተመለስን። ወንድሜ አብሮን መጥቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው መስክ ላይ ሦስት ቀን ኮርቻውን ይዞ ከኋላዋ ሮጠ። በሦስተኛው ቀን ሳትሰማ ለቀቃት። ብቻዋን መሆኗን ስታውቅ የሳቀችው ሳቅ እቤቴ ድረስ ተሰማኝ። እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

በሳምንቱ ሰኞ ሥራ ስትሄድ አፋፉ ላይ ቆሜ አየኋት። ያ መንገድ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይወርዳል። ሜዳ የሚባለው የሁለት እርሻ ወርድ ቢሆን ነው። ዳገቱ ገና ለለማጅ እግር አይቀመስም፤ ወርዳ ትገፋለች። ቁልቁለት ስትደርስ ደግሞ እኔ ይዣታለሁ፤ ወርዳ ትገፋለች። ገበያተኛ ሴቶች ቀደሟት። አንዷ ምን ብትላት ጥሩ ነው? "እህቴ፣ እሱ ታሞብሽ ነው ጤና ኬላ የምትወስጂው?" ማታ ይኼን ስትነግረኝ አብረን ሳቅን። እያደር ግን የምትስቀው እኔን ላለማስከፋት ሆነ።

አንድ የክትባት ቀን አምሽታ ገባች። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

"እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ሲጠብቁኝ ቆዩ። የገበያ ቀን ነውና ሰለቻቸው። ከላይ ሆኜ ሲበተኑ አየኋቸው፣ እማዬ። ብጮኽም አልሰሙኝ። ቁልቁለቱን ብነዳው ኖሮ እደርስባቸው ነበር።"

"ታዲያ…" አልኩ።

"ታዲያማ ይዘሽኛል።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ፍቺኝ፣ እማዬ። አንድ ቃል እኮ ነው።"

አንድ ቃል ነበረች። አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ቁልቁለት፣ ሰዎች በቃሬዛ ይዘውት የመጡት አባቷ ነው። "እስቲ ፋሲካ ይለፍና እናያለን" አልኳት።

ፋሲካ አለፈ። እሷ ደግማ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ያልተጠየቅሁትን አልመለስኩም። በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት አንድ ባና ብርድ ልብሷን ጠቅልላ፣ ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋ፣ ጤና ኬላው አጠገብ የተከራየችው ቤት ገባች። ብስክሌቱን ከቤቴ ጓሮ አስደግፋው ሄደች።

መጀመሪያ የተሰማኝን ብጽፈው ያሳፍረኛል። ዕፎይ ነው ያልኩት። ከእንግዲህ አትወድቅብኝም አልኩ። ሁለት ቀን ያህል እንዲያ ሆኜ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ራቷን አቅርቤ ስጠብቅ ራሴን አገኘሁት።

ክረምቱን ዶሮዎች መሪው ላይ ሰፈሩበት። መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ኩሱን በጨርቅ ጠራርጌ፣ ብስክሌቱን ወደ ማዶ መግፋት ጀመርኩ። ስፈራው የኖርኩትን ነገር ስነካው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ጎተተኝ። እኔ ወደ ኋላ፣ እሱ ወደ ፊት። በድንጋጤ መሪውን ከሥሩ ካለው ብረት ጋር ጭምቅ አድርጌ ያዝኩ። ቆመ። ጭራሽ እንደ ግንድ ቆመ! እጄን ላላ ሳደርገው ሄደ፤ ጨበጥኩት፤ ቆመ። ያንን ቁልቁለት ሙሉ እየያዝኩ እየለቀቅሁ ወረድኩት። ታች ስደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ወንድሜ "ነይ ላሳይሽ" ያለኝ ይኼንን ነበር። በረንዳው ላይ ሁለት እርምጃ ብራመድ ኖሮ ልጄ ቤቴ ታድር ነበር።

ጤና ኬላው ስደርስ ከነጋውኗ ወጥታ ሮጠች። "እማዬ! ምን ሆነሽ? ማን ታመመ?"

"ማንም አልታመመም። ፈትቼሻለሁ" አልኳት። "ከጡቴም ከቃሌም ፈትቼሻለሁ።"

ጉልበቴን ሳመች። ጎማውን ነካ ነካ አድርጋ "ምስኪን፣ ነፋሱ አልቋል" አለችና ከጎረቤት መንፊያ አምጥታ ነፋችው። ከዚያ ከኬላው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ተቀምጣበት ወደ እኔ ለቀቀችው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ከፊቴ አንድ ክንድ ያህል ላይ ቆማለች፤ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ ያ የመስኩ ሳቅ ፊቷ ላይ ነው።

"እንግዲህ ማታ ማታ ትመጫለሻ?" አልኳት።

ሳቋ ቀስ ብሎ ሄደ። "እማዬ፣ አሁንማ ሰዉ እዚህ ማደሬን ለምዷል። ምጥ የያዛት ሁሉ በሌሊት በሬን ታንኳኳለች። ቅዳሜ ማታ እመጣለሁ፤ እሑድን ካንቺ ጋር እውላለሁ።"

ቃሏን ጠብቃለች። ብስክሌቱን በመምረጥ አልተሳሳትኩም፤ ወንድሜም ይመሰክርልኛል፤ ኮርሳው ቢሆን ያ ኮረኮንች ባንድ ወር ይጨርሰው ነበር። የተሳሳትኩት ከመረጥኩ በኋላ ነው።

ሰኞ ጠዋት ስትሄድ ዛሬም አፋፉ ላይ እቆማለሁ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስትደርስ፣ ልማድ ሆኖባት፣ አንድ እግሯን መሬት አድርጋ ዞር ብላ ታየኛለች። ሂጂ እላታለሁ በእጄ። ትሄዳለች።