ከሞጆ አዋሽ በካርቶን ላይ

ናዝሬት የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የጥጥ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የሰው እግር ነው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እግር ብቻ፣ መርገጫ የለም።

የሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራ የለመደ እጅ አርፎ አይቀመጥም፤ በሳሙና ካርቶን ላይ ከሞጆ አዋሽ ያለውን መንገድ ሣልኩና ጨዋታ ፈጠርኩ። ዳይሱ የደረቀ ዳቦ፣ መኪኖቹ የብርቱካን ዘርና የበቆሎ ፍሬ ናቸው። ለአንድ ሰው ሁለት መኪና ይደርሰዋል፤ የቱን እንደሚነዳ ይመርጣል፤ ከሁለቱ አንዷን ቀድሞ አዋሽ ያስገባ ያሸንፋል። ወለንጪቲ ላይ ጎማ ይፈነዳል፣ ኬላው ላይ ደግሞ ስድስት ያልወጣለት አያልፍም። ኬላውን የጨመሩት አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ በአሰብ መንገድ ላይ ያረጁ የጭነት መኪና ሾፌር።

ጉድ ያመጣብኝ የከተሞቹን ስም አሳምሬ መጻፌ ነው። በፍተሻ ካርቶኑ ተገኘ፤ መርማሪው ሻምበል የማምለጫ ካርታ ነው ብሎ ወደ አዲስ አበባ ሊልከኝ ወሰነ። እዚያ የተላከ ሰው ወሬው እንኳ አይመለስም ነበር። ጨዋታ ነው፣ ሽማግሌውን ያስጠሩልኝና ተጫውተን እናሳይዎት ብዬ ለመንኩት።

ሽማግሌው መጡ። ሻምበሉ ግን ራሱ እጫወታለሁ ብሎ ተቀመጠ። ሲፈጥን ቆይቶ ኬላው ላይ ተገተረ። ሽማግሌው በፊተኛው መኪናቸው አዋሽ ለመግባት አምስት ቀርቷቸው ነበር፤ አምስት ወጣላቸው። ዳይሱን ትተው እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ የቱን ልንዳ?»

ገባኝ። ኋለኛውን ነድተው ለሻምበሉ ሊሸነፉልኝ ፈልገዋል። ሻምበሉም ቀና ብሎ መልሴን ይጠብቃል።

«የሚያሸንፈውን ይንዱ» አልኳቸው።

አዋሽ ገቡ። ሻምበሉ ኬላው ላይ የቆመችበትን ፍሬ ትክ ብሎ አያት። በሩ ሥር የተቀመጠው ዘበኛ እኔን ለመውሰድ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አለው ሻምበሉ። ከዚያ ዳይሱን አነሣ። «እንደገና።»

ከሰዓት በኋላ ካርቶኔን በብብቴ ይዤ ከሽማግሌው ጋር ወደ ክፍላችን ተመለስኩ። እንደዚያ ቀን ደረቴን ነፍቼ የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ዛሬ አዳማ ላይ ጨዋታ መፍጠር እንጀራዬ ነው። ያ መንገድ ተሻሽሎ፣ በሳጥን ታሽጎ እስከ ሻሸመኔ ይሸጣል። ጥሩ ጨዋታ በምን ይታወቃል ብለው ይጠይቁኛል። ተሸናፊው «እንደገና» ካለ ነው እላቸዋለሁ። ሥራዬን እንዲያ ብሎ መጀመሪያ ያመሰገነልኝ፣ ሊያስጠፋኝ የተቀመጠው ሰው ነው።