አስካለች ወንዝ ዳር ያነጠፈችው አሸዋ

አማን ውስጥ «ባሕር ያየችው» ካላችሁ ሌላ ምልክት አያስፈልግም፤ ባጃጅ ነጂው አስካለች በር ላይ ያወርዳችኋል። ከከተማው በላይ ባለው ተዳፋት ከቤንች ገበሬ ቤት ተወለደች፤ ስምንተኛ ክፍል እንደጨረሰች ከአክስቷ ልጅ ጋር በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባች። መጨረሻዋ ማሊንዲ የሚባል የባሕር ዳር ከተማ ሆነ። እዚያ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ውስጥ ዓመታት ሠርታ፣ እናቷን አቅም ሲያንሳቸው ተመለሰች።

እኔ የተዋወቅኋት ቡና ለቀማ ላይ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እኔ ልጄን ቲቶን አዝዬ፣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ እያወጣን እሷ ስለ ባሕሩ ታወራለች። ስለ ባሕር ሲወራ ሰው የሚጠብቀው ትልቅነቱን ነው። እሷ የምትነግረን ግን ኑሮውን ነበር።

ባሕሩ በየዕለቱ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሲጎድል ልጆች እርጥቡ አሸዋ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን በጎኑ አጋድመው ይጠግናሉ። ሲሞላ ሁሉም ዕቃውን አንስቶ ወደ ላይ ፈቀቅ ይላል። ራቅ ብሎ ውሃው ውስጥ እንደ ድንጋይ አጥር የተዘረጋ ኮራል አለ፤ ትልቁ ማዕበል እዚያ ይሰበርና ዳር የሚደርሰው ለስላሳው ብቻ ነው። ከከተማው በስተሰሜን አንድ ትልቅ ወንዝ ይገባል። በዝናብ ወራት ያመጣውን አፈር ሲደፋበት ያ ሰማያዊ ባሕር ቡናማ ይሆናል። ያኔ እንግዳው ይጠፋል፣ ሆቴሉም ይዘጋል። ጣልያኖች ስለሚበዙ ዓሣ ሻጩ ሳይቀር ጣልያንኛ ያቀላጥፋል። ሴቶቹ ካንጋ የሚሉትን ጨርቅ ያገለድማሉ፤ ጨርቁ ላይ ተረትና ምሳሌ ተጽፎበታል፤ ጎረቤታቸውን በነገር መንካት ሲያምራቸው የሚስማማውን መርጠው ለብሰው በደጇ ያልፋሉ።

«ይሄን ጨርቅስ ለእማማ በየነች ነበር» አልኩ። እማማ በየነች የለቃሚዎቹ አለቃ ናቸው።

«እኔ ጨርቅ ምን ያደርግልኛል? አፍ አለኝ» አሉ ቀና ሳይሉ።

አንድ ቀን አስካለች ፍሬውን ከእጇ ጣለችና «እኛስ ውሃ አጣን እንዴ?» አለች።

አላጣንም። ከአማን ወረድ ብሎ ከአንድ ትንሽ ፏፏቴ ሥር ወንዙ ታጥፎ ይሰፋል፤ ውሃው ረጋ ያለና ከጉልበት ብዙም የማይዘል ነው፤ ዳርና ዳሩን ዋንዛ ይጋርደዋል። ግን የእኛ ሰው ወንዝ ሲወርድ የሚያጥበው ልብስ፣ የሚያጠጣው ከብት ወይም የሚያጠምቀው አዲስ አማኝ ይዞ ነው። ዝም ብሎ ሊቀመጥ የሚወርድ አልነበረም። አስካለች ያሰበችው ይህንኑ ነው፤ ሰው እሑድ ወርዶ የሚቀመጥበት፣ የሚበላበት፣ እግሩን ውሃ ውስጥ የሚዘፈዝፍበት ቦታ። ለእኛም ለቀማው ወቅት ጠብቆ ስለሚዘጋ፣ ዓመቱን ሙሉ የምንሠራው ነገር ይሆን ነበር።

ቦታው የቀበሌው ነው። ሊቀመንበሩ አቶ ባምላኩ ደግሞ የቡና ችግኝ ሊያፈሉበት ዓይናቸውን ጥለውበታል። አስካለች ቦታውን ጠይቃቸው፣ እከፍታለሁ ያለችበት ቀን ሲያልፍባት አንድ ጊዜ ጠብቀዋታል፤ ሁለተኛ ሲሆን ግን ቁርጡን ነገሯት።

«እሑድ ትከፍቻለሽ፤ እኔም መጥቼ አያለሁ። ሰው ካገኘሁ ቦታው ያንቺ ነው። ካላገኘሁ ሰኞ መደብ አስቆፍራለሁ። ችግኝ አስተማማኝ ነው፣ የሰው ፍላጎት ግን አይታወቅም።»

«ሰው ይመጣል፣ አቶ ባምላኩ።»

«ውሃ ሊያይ? እዚህ አገር ውሃ ከላይም ከታችም ያለ ነው፣ ልጄ።»

ችግሩ ዳሩ ጭቃ መሆኑ ነበር። ስለዚህ አሸዋ ለማንጠፍ ተነሳን። ከላይኛው መታጠፊያ እያወጣን በማዳበሪያ ተሸክመን አወረድን፤ እንግዳ በባዶ እግሩ ስለሚሄድበት ጠጠር እንዳይኖረው አስካለች በወንፊት አስነፋችን። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሲያልቅ ዳሩ እንደ ስንዴ ዱቄት ወገግ አለ። እማማ በየነች እንኳ ጫማቸውን አውልቀው ሄደውበታል። ደስ ብሎን ምሳ ልንበላ ወጣን።

ቡናም ጠጥተን ቆየት ብለን ስንመለስ አሸዋው የለም።

ጭቃው ላይ የብዙ ሰው ዱካ ብቻ ቀርቷል። ምን እንደሆነ ሳይገባን ከዳገቱ መዝሙር ሰማን፤ የጸሎት ቤቱ ወጣቶች ባዶ ማዳበሪያ ትከሻቸው ላይ ጥለው እየዘመሩ ይወርዳሉ። ፊት ፊት የሚመራው ኢሳይያስ ነው፣ የዘማሪዎቹ አለቃ።

እኛ ጋ የጸሎት ቤት የሚሠራው በምእመኑ ትከሻ ነው። ድንጋዩም አሸዋውም ቅዳሜ ቅዳሜ በመዝሙር ይጋዛል። የዚያን ሳምንት አንድ ወንድም «አሸዋ ወንዝ ዳር አስቀምጬላችኋለሁ» ብሎ ነበር። እሱ ያስቀመጠው ድልድዩ ጋ ነው፤ እነሱ ቀድመው ያገኙት የእኛን።

«እህት አስካለች፣ ጌታ ይመስገን» አለ ኢሳይያስ ላቡን እየጠረገ። «ወንድማችን መስጠቱ ሳያንስ ነፍቶ ነው የሰጠን። እንዲህ ያለ ልብ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ወንድማችሁ እኔ ነኝ» አለች አስካለች።

«እንዴት?»

«የነፋሁት እኔ ነኝ፣ ኢሳይያስ። ለነገው መክፈቻ ያነጠፍኩት ነው።»

መዝሙሩ ከኋላ ተራ በተራ ቆመ። ኢሳይያስ ጭቃውን አየ፣ እኛን አየ።

«የተነፋ አሸዋ እኮ... የተነፋ አሸዋ የልስን ነው። ለመቀመጫ ማን ይነፋል?»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቷል» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ግማሹ ግድግዳው ላይ ነው።»

እማማ በየነች ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አስካለች፣ አሸዋሽስ ጸደቀ። የቀረነው እኛ ነን።»

አንዷ ዘማሪ ልትስቅ ብላ አፏን ያዘች። አስካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ወንዙን ብዙ አየችው። እኔ በሆዴ የሰኞውን መደብ እያየሁ ነበር። የድልድዩንም ሆነ ሌላ አሸዋ አምጥቶ መንፋት ለነገ አይደርስም።

«ማሊንዲ ባሕሩ በየቀኑ ዳሩን ይወስደዋል» አለች በመጨረሻ። «ባሕሩን የሚከስ የለም። ሰው የሚያነሳው ወንበሩን ነው።» ወደ ኢሳይያስ ዞረች። «አሸዋዬን ይዛችሁታል፤ ይባረክላችሁ። እኔ ግን ነገ ከጸሎት በኋላ አግዳሚዎቻችሁን እፈልጋለሁ። አግዳሚው ላይ የሚቀመጡትንም ጭምር።»

«አግዳሚው ይሁን። ምእመኑን ግን... ዋና ምናምን ሲባል ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ? ልብስ ማውለቅ አለበት።»

«ማን አውልቁ አለ? እዚያ የአገሩ ሴቶች ከነቀሚሳቸው ነው የሚገቡት። ደግሞስ ሁላችሁ እዚሁ ወንዝ ውስጥ ጠልቃችሁ የወጣችሁ አይደላችሁም? ያኔ ማን ከለከላችሁ?»

ኢሳይያስ ራሱን አከከ። «ለሽማግሌዎቹ እንዲህ ብዬ አልነግራቸውም።»

«በፈለግከው አባባል ንገራቸው። ብቻ ይምጡ።»

እሑድ ጎደሬውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለን ፍም ውስጥ ቀበርን፤ ዳጣውን ፈጨን፤ ከቡና ቅጠል፣ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ የሚፈላውን ጨሞ በትልቁ ማሰሮ ጣድን። አቶ ባምላኩ ቀድመው ደረሱ። ከእኛ በቀር ነፍስ አልነበረም። ጃንጥላቸውን ተደግፈው ጭቃውን በእርምጃ ይለኩ ጀመር።

«ለመደብ ጥሩ ነው» አሉ። «እርጥበት አለው።»

«ትንሽ ይታገሡኝ» አለች አስካለች። ጨሞ ቀድታ ሰጠቻቸው። ጠጥተው ጨረሱ። ሌላ ቀዳች። እሱንም ጨረሱና ጽዋውን መለሱ።

«ልጄ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም...» ብለው ሲጀምሩ ከዳገቱ ላይ ድምፅ ተሰማ።

መጀመሪያ የታየው አግዳሚ ነው። ረጃጅሞቹ አግዳሚዎች በሰው ራስ ላይ ሆነው፣ ከቡናው መሃል እየተጠማዘዙ ወረዱ። ከሥራቸው ኢሳይያስና ዘማሪዎቹ፣ ከኋላ እናቶች፣ ሕፃናት፣ ከዘራ የያዙት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ። የጸሎቱ ልብስ ገና ከላያቸው አልወረደም።

«የት እናስቀምጠው?» አለ ኢሳይያስ። ጭቃውን እያየ ነበር።

«ውሃው ውስጥ» አለች አስካለች።

«ውስጥ?»

«ውስጥ። ዳሩን ወስዳችሁብኝ የለም እንዴ?»

አግዳሚዎቹን ፏፏቴውን ፊት ለፊት እንዲያዩ አድርገው፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ተከሏቸው። የመጀመሪያዋ አሮጊት ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠችና እግሯ ውሃውን ሲነካው «ውይ፣ ጉልበቴ» አለች፤ በሥቃይ አልነበረም። ከዚያ በኋላ መቀመጫ ሽሚያ ሆነ። ጎደሬውን በሳፋ እየያዝን በአግዳሚዎቹ መሃል ቀሚሳችንን ሰብስበን እናድላለን። ቲቶ ከጀርባዬ ሆኖ እጁን ወደ ውሃው ይዘረጋል። አንዱ ወጣት ፎቶ አንስቶ በስልኩ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው፤ ብዙም ሳይቆይ ከሚዛን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጫኑ ባጃጆች ከላይ መንገዱ ላይ መደርደር ጀመሩ።

አቶ ባምላኩ እስከዚያ ድረስ ቆመዋል።

«ኧረ ይቀመጡ» አሏቸው እማማ በየነች። «ለችግኝ ውሃ አስበው እርስዎ ይደርቃሉ?»

ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቀለሉ። ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀምጠው እግራቸውን ሲነክሩ ፊታቸው ላላ። ፏፏቴውን ሲያዩ፣ ሕዝቡን ሲያዩ ቆይተው አስካለችን ጠሯት።

«ችግኙን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አፈላዋለሁ» አሉ። «ይሄ ቦታ ያንቺ ነው። እነዚህ ሁሉ ምስክር ናቸው።»

እልልታው እስከ ላይ መንገድ ተሰማ። ለቃሚዎቹ ተቃቀፍን፤ ሳፋው ከእጄ አምልጦ ተንሳፈፈ፣ ማንም አልሮጠለትም።

ትንሽ ቆይቶ አስካለችን ማሰሮው ጋ ጨሞ ስትቀዳ አገኘኋት። «ባሕሩም እንዲህ ነው?» አልኳት።

«ከወጥ ቤቱ መስኮት ሲታይ እንዲህ ነው። ገብቼበት አላውቅም። ምድጃ ላይ የዋለ ሰው መቼ ይገባል?»

እማማ በየነች ጭልፋውን ከእጇ ነጠቋት። «ሂጂ ግቢ። በገዛ ውሃሽ ማንን ነው የምታስፈቅጂው?»

ነጠላ ጫማዋን ድንጋይ ላይ ትታ ከነቀሚሷ ወረደች። በአግዳሚዎቹ መሃል ስታልፍ ሰው እግሩን እየሰበሰበ መንገድ ሰጣት። ፏፏቴው ሥር ደርሳ ፊቷን ወደ ላይ ቀና አደረገች፣ ውሃውም ከራሷ እስከ እግሯ ወረደባት። ዘማሪዎቹ አጨበጨቡ።

አሁን የወረደች አንዲት ተማሪ ዳር ላይ ቆማ «መቀመጫ አለ? ባለቤቷ የትኛዋ ናት?» ብላ ጠየቀች።

«ያቺ» አሉ አቶ ባምላኩ፣ ለተማሪዋ ቦታ ሊሰጡ ጠጋ እያሉ። «ያቺ የበሰበሰችው።»