ረግረግ የገባች አገር

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልንና፣ አንድ መንገደኛ ብቻውን ሲመጣ እንኳ «አገር መጣ፤ ቦታ ልቀቁ» ይሉ ነበር። እኛ የልጅ ልጆቻቸው እንስቅ ነበር።

አንድ ሐምሌ፣ በንጉሡ ልደት ወረታ ከተማ ላይ ባንዲራ እንዲሰቅሉ ከአካባቢው አርበኞች መካከል እሳቸው ተመረጡ። ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እኔን አስከትለው ከመንደራችን ከቁሐር ሚካኤል ተነሡ። ሜዳው ውኃ ተኝቶበታል። መንገድ ላይ አንዲት ሙስሊም ነጋዴ ሕፃን እንዳዘለች ረግረግ ውስጥ እስከ ወገቧ ሰምጣ ስትጮኽ አገኘናት። አያቴ አላመነቱም፤ ገቡ። ሕፃኑን ለእኔ አቀብለው፣ እሷን በጋቢያቸው ጎትተው አወጧት።

ወረታ ስንደርስ ባንዲራውን ሌላ ሰው ሰቅሎታል። የወረታው ሹም ጭቃቸውን አይቶ፣ «እርስዎ አርበኛ ነኝ ባይ! ባንዲራ ሲሰቀል የት ነበሩ?» አላቸው።

«አገር ረግረግ ገብታብኝ፣ እሷን ሳወጣ ነዋ!»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ወንጌል ሲነበብ እንደሚቆም ሰው ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

መርዷቸውን የሰማሁት ከቤተ ዘመድ ርቄ በምኖርበት ከተማ ነው። እዚህም ባንዲራ ሲሰቀል ቆሜ አከብራለሁ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ይወርድና ከሥሩ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ ያያል። አያቴ ከመካከላቸው የሉም።